ዛቢያና ሞፈር ለምን ይሰበራሉ? ስብራቱ የሚጀምረው ከተሰበረበት ቀን በፊት ነው

ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ እያንዳንዱ የእርሻ ቀን ዋጋው ከፍ ይላል። አንድ በሬ ብቻ ያለው አርሶ አደር ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ሲያርስ ጥንዱ የሚደርሰው በተራ ነው። በዚያ በተራው ቀን ማረሻው ከተቀበረ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሞፈሩ ቢሰበር ከእንጨቱ ጋር ቀኑም አብሮ ይጠፋል፤ በሬዎቹም በማግስቱ ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳሉ። በከተማም ቢሆን ችግሩ እንግዳ አይደለም። ማገዶ ሲፈለጥ የመጥረቢያው ዛቢያ ተቀንጥሶ ብረቱ ቢፈናጠር፣ አጠገቡ የቆመን ሰው ወይም የሚጫወትን ሕፃን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

እንዲህ ያለ ስብራት ሲያጋጥም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ለድንጋዩ ወይም ለመጨረሻው ምት ይሰጣል። የተሰበረው ገጽ በቅርብ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይናገራል። ከፊሉ ነጣ ያለና አዲስ ሲሆን፣ ከፊሉ ጠቁሮ አፈርና እድፍ ይዞ ይገኛል። የጠቆረው ክፍል ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ተሰንጥቆ የቆየ ነው። ድንጋዩ ያደረገው የተጀመረውን መጨረስ ብቻ ነው። የስንጥቁን መነሻ ማወቅ ደግሞ ዛቢያውን ገና ሲመረጥ፣ ሲጠረብና ሲቀመጥ ከስብራት ለመጠበቅ ያስችላል።

እንጨት የቃጫ እስር ነው

እንጨት እንደ ብረት አንድ ወጥ አካል አይደለም። ከግንዱ ቁመት ጋር ጎን ለጎን የተደረደሩ እጅግ ቀጫጭን ቃጫዎች ስብስብ ነው። የቃጫዎቹ ዋና መሠረት ሴሉሎስ የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እርስ በርስ አጣብቆ የሚይዛቸው ደግሞ ሊግኒን የተባለ ተፈጥሯዊ ሙጫ ነው። ቃጫዎቹ ሲጎተቱ እጅግ ብርቱ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሙጫ ግን ከእነርሱ በብዙ ይደክማል።

ይህን ልዩነት እንጨት የፈለጠ ሰው ሁሉ በእጁ ያውቀዋል። ቀጥ ያለ ጉማጅን በቁመቱ መሰንጠቅ በጥቂት ምት ይቻላል፤ በአግድሙ መቁረጥ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። በቁመቱ ሲሰነጠቅ የሚለያየው ሙጫው ነው፤ በአግድሙ ሲቆረጥ ግን ቃጫዎቹ ራሳቸው መበጠስ አለባቸው። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ ሲጎተት የሚኖረው ጥንካሬ በአግድሙ ሲጎተት ከሚኖረው ከ10 እጥፍ በላይ ነው።

ስለዚህ የዛቢያ ወይም የሞፈር ጥንካሬ የሚወሰነው በዛፉ ዓይነት ብቻ አይደለም። ቃጫዎቹ ከአንዱ ጫፍ ተነሥተው ሳይቋረጡ እስከ ሌላው ጫፍ መድረሳቸው ከዛፉ ዓይነት የማይተናነስ ዋጋ አለው። ቃጫው ሰያፍ ሆኖ መንገድ ላይ ከጎኑ የሚወጣ ከሆነ ሸክሙ በደካማው ሙጫ ላይ ይወድቃል።

የቃጫ ማዘንበል ምን ያህል ይጎዳል?

የእንጨት ምህንድስና መመሪያዎች ይህን ጉዳት በቁጥር ያስቀምጡታል። ቃጫው በ10 ሴንቲሜትር ርዝመት ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ወደ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ፣ እንጨቱ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ቀጥ ያለ ቃጫ ካለው እንጨት ጋር ሲነጻጸር ወደ 81 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሸክሙ በዝግታ የሚመጣ ሳይሆን እንደ መጥረቢያ ምት ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ የሚቀረው 62 በመቶ ያህል ነው።

ማዘንበሉ በ5 ሴንቲሜትር ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ሲደርስ የመታጠፍ አቅሙ 55 በመቶ፣ ድንገተኛ ምትን የመቋቋም አቅሙ ደግሞ 36 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ይህም ማለት ከውጭ ሲታይ የሚያምር፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ ዛቢያ ቃጫው ሰያፍ በመሆኑ ብቻ ከሚጠበቅበት ጥንካሬ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ጉጥም የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉጥ ቅርንጫፍ የበቀለበት ቦታ በመሆኑ ቃጫዎቹ እርሱን ለመዞር ከመሥመራቸው ይወጣሉ። ጉጡ ራሱ ጠንካራ ቢሆንም በዙሪያው ያለው ቃጫ የተጣመመ ስለሆነ ስንጥቅ ከዚያ ለመጀመር ይቀለዋል። በተለይ ጉጡ በዛቢያው ጠርዝ ላይ ወይም ወደ ብረቱ በተጠጋው ክፍል ላይ ከዋለ አደጋው ይብሳል።

ከግንድ የተፈለጠ እንጨትና በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ፍልጥ የቃጫውን መሥመር ተከትሎ ይለያያል፤ መጋዝ ግን ቃጫው ወዴትም ቢሄድ የራሱን ቀጥተኛ መንገድ ይቆርጣል። ከፍልጥ የተጠረበ ዛቢያ ትንሽ ጠመም ቢል እንኳ ቃጫው ያልተቋረጠ ይሆናል። በመጋዝ ተቆርጦ በማሽን የተስተካከለ ዛቢያ ደግሞ መልኩ ቀጥ ብሎ ውስጡ ሰያፍ ሊሆን ይችላል። ከገበያ ዛቢያ የሚገዛ ሰው ሊያየው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር በጎኑ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን የቃጫ መሥመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ መዝለቃቸውን ነው።

ስብራት አንገት የሚመርጠው ለምንድን ነው?

አንድ ዘንግ ሲታጠፍ በአንድ ወገኑ ያለው ቃጫ ይሳባል፤ በተቃራኒው ወገን ያለው ይጨመቃል። በመሐሉ ያለው እምብዛም አይነካም። ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው በውጫዊው ገጽ ላይ ስለሆነ በገጹ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ከመሐል ካለ ጉድለት የበለጠ ሊጎዳ ይችላል።

በርዝመቱ በኩል ሲታይ ደግሞ ጫናው የሚበረታው ዘንጉ ከሌላ ነገር ጋር በሚያያዝበት ቦታ ነው። በመጥረቢያና በዶማ ይህ ቦታ ዛቢያው ወደ ብረቱ የሚገባበት አንገት ነው። በሞፈር ደግሞ እርፉና ማረሻው ወደሚያያዙበት ወደ ታችኛው ጫፍ የተጠጋው ክፍል ነው። የሚያሳዝነው ነገር ይኸው ብዙ ጫና ያለበት ቦታ ለመግጠሚያ ሲባል የሚቀጥን፣ የሚቦረቦር ወይም የሚቀረጽ መሆኑ ነው።

መቅጠን ምን ያህል እንደሚያዳክም ብዙ ሰው አይገምትም። የክብ ዘንግ መታጠፍን የመቋቋም አቅም ከውፍረቱ ጋር በእኩል መጠን አይቀንስም፤ ከዚያ በእጅጉ ፈጥኖ ይወርዳል። 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ዛቢያ በአንገቱ ላይ ተጠርቦ 2.7 ሴንቲሜትር ቢሆን የቀነሰው ውፍረት 10 በመቶ ነው፤ የጠፋው ጥንካሬ ግን 27 በመቶ ገደማ ይሆናል።

የቅርጹ ሁኔታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ወፍራሙ ክፍል በድንገት፣ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ወደ ቀጭኑ የሚያልፍ ከሆነ ጫናው በዚያች ማዕዘን ላይ ይከማቻል። ቀስ በቀስ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ግን ጫናው ይበተናል። በሰፊ የብረት ሳህን ላይ የተበሳ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ሳህኑ ሲጎተት በጠርዙ ላይ ያለውን ጫና 3 እጥፍ እንደሚያደርሰው በስሌት ይታወቃል። በእንጨት ላይ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። የላላ ዛቢያን ለማጥበቅ ተብሎ ከጎን የሚመታ ምስማር የሚጎዳው ስለዚህ ነው፤ ቃጫውን ይሰነጥቃል፣ ከዚያም ለስብራቱ መነሻ ይሆናል።

በግንባታ ቦታ ለመወጣጫ የሚያገለግለው የባሕር ዛፍ አጣናም ይኸው ሕግ አይለቀውም። በየሥራው እየተነቀለ ደጋግሞ ምስማር የተመታበት አጣና በየቀዳዳው ደክሞ ይቆያል። ሰው ወጥቶ የሚቆምበት እንጨት በመሆኑ ከዛቢያ ይልቅ እጅግ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

የበሬ ጉልበትና የድንጋይ ድንገት

በሬ ለረጅም ሰዓት ሲያርስ በዝግታ የሚጎትተው ኃይል በተለምዶ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ነው። ደህና ሞፈር ይህን ያለ ችግር ይሸከማል። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከወፍራም ሥር ጋር ሲጋጭ ግን ሁኔታው ይለወጣል። በሬዎቹ በእርምጃ ላይ እያሉ መሣሪያው በድንገት ይቆማል፤ የከባድ እንስሳ እንቅስቃሴም በቅጽበት መገታት ስላለበት በሞፈሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ለአፍታ ከወትሮው እጅግ ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ምት አንድ ጊዜ ደርሶ ሞፈሩ ካልተሰበረ አራሹ እፎይ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ውስጡ ግን ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ መሳብን የሚቋቋመውን ያህል መጨመቅን አይቋቋምም። ስለዚህ ከመጠን በላይ ሲታጠፍ በመጀመሪያ የሚጎዳው የተጨመቀው ወገን ነው፤ ቃጫዎቹ ተጨማደው በገጹ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች አግዳሚ መሥመር ትቀራለች። ይህች መሥመር በቀላሉ አትታይም። ዘንጉ በሌላ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲታጠፍ ግን የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው።

ትንንሽ ጉዳት ተደጋግሞ ትልቅ ስብራት እንደሚያመጣ የተማረው ገበሬና አናጺ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ በቬርሳይና በፓሪስ መካከል ይጓዝ የነበረ የባቡር ሞተር የጎማ ዘንጉ ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር የባቡር ዘንጎችን ደጋግሞ እየፈተነ፣ ብረት አንድ ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው ያነሰ ሸክም እንኳ እልፍ ጊዜ ሲደጋገምበት እንደሚሰበር አረጋገጠ። ዛሬ ይህ ጉዳይ የቁስ ድካም በሚል ስም በምህንድስና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይሰጣል።

ውሃ፣ ፀሐይና ተባይ

አዲስ የተቆረጠ እንጨት በውስጡ ብዙ ውሃ አለው። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች መውረድ ሲጀምር እንጨቱ ይኮማተራል። ይህ ኩምትር በቁመቱ በኩል ኢምንት ሲሆን በውፍረቱ በኩል ግን ጉልህ ነው። በእርጥብነቱ ተጠርቦ በብረቱ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የገባ ዛቢያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚላላው ለዚህ ነው።

እርጥብ እንጨት በኃይለኛ ፀሐይ ላይ ከተጣለም ውጪው ፈጥኖ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ውጪው ሊኮማተር ሲፈልግ ውስጡ ስለሚከለክለው ይሰነጠቃል። ጫፎቹ ደግሞ ከጎኖቹ ይልቅ በፍጥነት ውሃ ስለሚያጡ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ የሚይዘው ውጥረት ስላለ ሲቆረጥና ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ያበዛል፣ ቃጫውም ብዙ ጊዜ በግንዱ ዙሪያ የሚጠማዘዝ ነው።

የላላ መጥረቢያን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር የተለመደ መላ ነው። ጠዋት ዛቢያው አብጦ ይጠብቃል። ጥቅሙ ግን ለጊዜው ነው። እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱ ስለማያፈናፍነው ቃጫዎቹ በራሳቸው ግፊት ይጨፈለቃሉ፤ ሲደርቅም ከመጀመሪያው የበለጠ ይቀጥናል። ዝፍዘፋው በተደጋገመ ቁጥር ልላቱም እየባሰ ይሄዳል። ዘላቂው መፍትሔ ደረቅ ሽብልቅ መጨመር ወይም ዛቢያውን አውጥቶ እንደገና መግጠም ነው።

እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ደግሞ አበስባሽ ፈንገስ ይበቅልበታል። ፈንገሱ ገና በመልክ ሳይታወቅ የእንጨቱን ጥንካሬ መብላት ይጀምራል። ክረምቱን ማሳ ዳር ወይም እርጥብ መሬት ላይ የሚያድር ሞፈር በመሬቱ በኩል ያለው ገጹ ቀድሞ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። ምስጥና ነቀዝም ውጪውን ጤነኛ አስመስለው ውስጡን ባዶ ያደርጉታል።

ውዱ ዘንግም ከዚህ ሕግ አያመልጥም

ቃጫን በሙጫ የማሰሩ ጥበብ በእንጨት ብቻ አልቀረም። የዛሬ ፋብሪካዎች ይህንኑ ሐሳብ ወስደው ከብረት የቀለሉ ብርቱ ዘንጎች ይሠራሉ። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሣር ሜዳ ላይ ትንሽ ኳስ እየተመታ ወደ ጉድጓድ የሚገባበት የጎልፍ ስፖርት ዱላ ነው። የጎልፍ ዱላ ዘንግ በቀድሞ ዘመን ሂኮሪ ከተባለ የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ይሠራ ነበር። ይህ ዛፍ በአሜሪካ የመጥረቢያ ዛቢያ በመሆንም የታወቀ ነው። ኋላ በብሪታንያ የጨዋታው ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1929 የብረት ዘንግን ፈቀዱ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በተለምዶ ግራፋይት የሚባለው ዘንግ ተስፋፋ።

ግራፋይት ዘንግ የሚሠራው ውፍረታቸው ከሰው ፀጉር አንድ አሥረኛ ገደማ ከሆነ የካርቦን ክሮች ነው። ክሮቹ ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ ተነክረው እንደ ስስ ሉህ ይዘጋጃሉ፤ ሉሆቹ በብረት ዘንግ ላይ ተደራርበው ይጠቀለላሉ፤ በሙቀት ከጠነከሩ በኋላ ብረቱ ከውስጥ ይወጣል። የሚቀረው ቀላል፣ ጠንካራና ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው።

ይህ ዘንግ ሲሰበር ምክንያቶቹ ከወይራ ዛቢያ ምክንያቶች ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከብረቱ ራስ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ነው። በማኅደሩ ውስጥ ከሌሎች ዱላዎች ጋር እየተፋተገ የተጫረ ከሆነ የውጪዎቹ ክሮች ተበጥሰው ጫናው በቀሩት ላይ ይከማቻል። ለጥገና በማሠሪያ ጠብቆ ከታሰረ ስስ ግድግዳው ይጨፈለቃል። ራሱን ለመቀየር ሲባል ከመጠን በላይ ከተሞቀ ሙጫው ይበላሽና ክሮቹ ይለያያሉ። ኳሱን ስቶ መሬትን ወይም ሥርን የመታ ዱላም ማረሻው ድንጋይ ላይ እንዳረፈበት ሞፈር ነው።

ከብረት የሚለይበት ነገርም አለ። ብረት ከመሰበሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል፤ መጉበጡም ማስጠንቀቂያ ይሆናል። የካርቦን ዘንግ ግን ሳይጎብጥ በድንገት ይቀነጠሳል፤ ስባሪውም እንደ መርፌ ስለሚሾል ቆዳ ይወጋል። በዚህ ረገድ እንጨት ለሰው የተሻለ ወዳጅ ነው፤ ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ ይንጣጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ቃጫውም ይነሣል። ምልክቱን የሚያዳምጥ ሰው ጊዜ አለው።

ከመቁረጥ እስከ መግጠም

መልካም ዛቢያ ወይም ሞፈር የሚጀምረው ከምርጫ ነው። ወይራን የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ተመራጭ ቢሆንም፣ ጠማማ ቃጫ ያለው ወይራ ቀጥ ያለ ቃጫ ባለው ሌላ እንጨት ሊበለጥ ይችላል። የግንዱ ቅርፊት መሥመር የሚጠማዘዝ ከሆነ ውስጡ ያለው ቃጫም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ከተቆረጠው ጉማጅ ትንሽ ቁራጭ ፈልጦ መሞከር ሁሉን ያሳያል፤ ፍልጡ ቀጥ ብሎ ከሄደ እንጨቱ ለዛቢያ ይሆናል።

እንጨቱ ሲደርቅ ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ። ጫፎቹ ሰም ወይም ቀለም ቢቀቡ ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ መሰንጠቁ ይቀንሳል። ለማፍጠን ተብሎ እሳት ላይ ማድረቅ አይመከርም፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ቃጫውን ስለሚያሳሳው እንጨቱ ተሰባሪ ይሆናል። የመጨረሻው ጠረባና መግጠም ከደረቀ በኋላ ይሁን።

በጠረባ ጊዜ አንገቱ ላይ ደረጃ የመሰለ ስለታም ማዕዘን መተው አይገባም። ውፍረቱ ቀስ በቀስ ይሳሳ፤ ገጹም በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ደጋግሞ መቀባት ይጠቅማል። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ የሚደርቅና የሚጠነክር በመሆኑ እርጥበት በፍጥነት እንዳይገባና እንዳይወጣ ያግዛል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ ግን በራሱ ሞቆ ሊቃጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ።

አጠቃቀምም ድርሻ አለው። መጥረቢያ ለመምታት እንጂ እንደ ማንሻ እንጨትን ለመፈልቀቅ አልተሠራም፤ ሲፈለቀቅበት ጫናው ሁሉ አንገቱ ላይ ይወድቃል። ስለቱ አልፎ ዛቢያው ራሱ ከጉማጁ ጋር የሚጋጭበት ምትም የአንገቱን ቃጫ ይቀጠቅጣል። በእርሻ ላይ ደግሞ ድንጋያማነቱ በሚታወቅ ቦታ በሬዎቹን ማዝገምና ድንጋዩን አስቀድሞ መልቀም ለሞፈሩም ለበሬውም እረፍት ነው።

መቼ ይጠገን፣ መቼ ይጣል?

ከሥራ በፊት የሚደረግ የአፍታ ፍተሻ ብዙ ጉዳት ያስቀራል። ዛቢያው ተጠርጎ በብርሃን ይታይ፤ በተለይ አንገቱ። የጥጥ ጨርቅ በገጹ ላይ ሲሳብ ክሩ የሚያዝበት ቦታ ካለ እዚያ የተነሣ ቃጫ ወይም ስንጥቅ አለ። በሌላ እንጨት መታ መታ ሲደረግ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ብረቱ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነም ሳይጠብቅ ሥራ አይጀመር።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በቁመቱ ከቃጫው ጋር የሚሄድ አጭር ስንጥቅ በሞፈር ላይ ከታየ በእርጥብ ጠፍር አጥብቆ ማሰር ሊረዳ ይችላል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ እየተኮማተረ ቃጫዎቹን ያቀራርባቸዋል። ቃጫውን አቋርጦ በአግድም ወይም በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ግን በጠፍርም፣ በሽቦም፣ በምስማርም አይድንም፤ ቃጫው አንዴ ተበጥሷልና። በመጥረቢያና በመዶሻ ላይ ግን ማንኛውም የአንገት ስንጥቅ ዛቢያውን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው፤ የሚፈናጠረው ብረት የሚያርፍበትን አይመርጥምና።

ለዛቢያና ለሞፈር የሚሆን ቀጥ ያለ የወይራ እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ ወይራ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ ዛሬ የተቆረጠውን የሚተካው ለመድረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። በጥንቃቄ ተመርጦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ከዝናብ ተጠልሎ የሚቀመጥ ሞፈር ብዙ የእርሻ ወራት ሲያገለግል አንድ ዛፍ በቆመበት ይቆያል። የግንቦት ፀሐይ ሳያልፍ ሞፈርና ዛቢያን አውጥቶ መመልከት የሰኔን ተራ ቀን ከመክሰር ያድናል።